ተኩላዬን ያየ ሰው አለ?

ጎበዝ፣ መኪና ቀለም ሲቀባ አርማው የት ነው የሚገባው? ይሄን የሚመልስልኝ የጅማ ሰው ካለ ቡና በእኔ ነው።

የአባቴ ቮልስ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1961 ሞዴል ናት። ለባቲላሜራና ለቀለም ጋራዥ አስገባኋት። ቀለሙ አምሮ ወጣ፣ አልዋሽም። ኮፈኑን ሳይ ግን ደሜ ፈላ። ከላይ የነበረው ክብ የቮልስዋገን ምልክት፣ ብረቱ፣ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ተቀይሯል። ከመያዣው በላይ የነበረው ተኩላ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ቀዳዳው በስቱኮ ተደፍኗል። «ጋሼ፣ አርጅቶ ነበር እኮ፣ አሳመርኩልዎት» አለኝ ልጁ። ምስጋና ይጠብቃል ደግሞ!

ያ «ያረጀ» የተባለው ተኩላ የዎልፍስበርግ አርማ ነው፤ ፋብሪካው ያለበት የጀርመን ከተማ። ግንብ፣ ግንቡ ላይ የቆመ ተኩላ፣ ከሥር የወንዝ ሞገድ። ቮልስዋገን ከ1951 ጀምሮ ኮፈን ላይ ያደርገው ነበር፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አስቀረው። አዋቂ ሰው ተኩላውን አይቶ ሊብሬ ሳይጠይቅ ዕድሜዋን ይገምታል። ይገምት ነበር ልበል እንጂ።

የእኔ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቆማችሁ የሚያልፈውን ተመልከቱ። ቪትዝ ላይ የሌክሰስ ምልክት። ባጃጅ ላይ የመርሴዲስ ኮከብ! የኮከቡ ሦስት ጫፎች የብስ፣ ባሕርና አየር ናቸው። ያቺ ባጃጅ ክረምት ላይ የሰፈራችንን ጭቃ መሻገር አቅቷት ስትገፋ አይቻታለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የድሮው ቶዮታ ዲኤክስ ነው። የቶዮታ የሦስት እንቁላል ምልክት የመጣው በ1989 ነው። እነዚያ ዲኤክሶች ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ስማቸው በፊደል ነበር። ስንቱ ፊደሉ ተነቅሎ እንቁላል ተለጥፎበታል!

«ብረት ነው፣ ይሂድ እንጂ» የምትሉኝ አትጠፉም። ይሂድ። ሞተሩን ባገኛችሁት መለዋወጫ ጠግኑት፣ ትንፍሽ አልልም። አርማ ግን ዘይት አይጠጣ፣ ነዳጅ አይፈጅ፣ ማንን አስቸገረ? ነቅላችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለባለቤቱ መስጠት ይሄን ያህል ሥራ ነው?

ስወተውት «ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ለቆራሌው ሄዷል መሰለኝ» ተባልኩ። መሰለኝ! እና መርካቶ አሮጌ ዕቃ ቤት ያየ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። በዋጋ አልከራከርም። ብቻ «ኦርጅናል ነው» ብላችሁ ፕላስቲክ እንዳታመጡብኝ፤ በጥፍሬ ፍቄ ነው የምቀበለው።