ዐቃቤ ሕግ የማያየው ቅጣት

ሰሞኑን እዚሁ መሀል አዲስ አበባ በተካሄደ አንድ የውይይት መድረክ ላይ የተገኙ የሥራ ኃላፊ፣ ትንንሽ የደንብ መተላለፍ ጉዳዮች ፍርድ ቤት መድረሳቸው የዳኛንና የዐቃቤ ሕግን ጊዜ ያባክናል፣ ቅጣቱ እዚያው ተከፍሎ ነገሩ ይዘጋ ብለው ተናገሩ። አክለውም አብዛኛው ሰው ሳይከራከር መክፈሉ ጥፋቱን ማመኑን ያሳያል አሉ። ከአዳራሹ ጭብጨባ ተሰማ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ንግግር ከውስጤ አልወጣም።

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ከሁሉም የከፋው እርሱ ነውና። ከፈለ ማለት አመነ ማለት ነው የሚል ሰው፣ የዕለት ጉርሱን በዕለት ላቡ የሚያገኝ ነዋሪ በዚህች ከተማ እንዴት እንደሚያድር ቆም ብሎ አላየም። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት ጎረቤቴ ከጥቂት ወራት በፊት ተቀጥተው፣ ሚዛናቸውም ተወስዶባቸው ነበር። ደረሰኙን ተቀብዬ ፊትና ጀርባውን አየሁት። የገንዘቡ መጠን በአኃዝም በፊደልም ሰፍሯል፣ ማኅተምም አርፎበታል። የትኛውን ደንብ፣ የትኛውን አንቀጽ እንደተላለፉ ግን አንድም መስመር የለበትም፤ የቀጪው ስም አልተጻፈም፤ ቅር ቢላቸው የት ሄደው አቤት እንደሚሉ የሚነግራቸውም ቃል የለም። ለምን እንዳልተከራከሩ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ፍርድ ቤት ስውል ልጆቼ ምን ይበላሉ?» አሉኝ። ይህን መልስ እንደ እምነት ቃል የሚቆጥር ባለሥልጣን ሊያፍር ይገባዋል።

ዐቃቤ የሚለው የግዕዝ ቃል ጠባቂ ማለት ነው። ከተማው ስለ ቤቱ፣ ስለ ውሉና ስለ ንብረቱ የሚከራከርለት ነገረ ፈጅ ያስፈልገዋል፤ ዐቃቤያነ ሕጉም በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ከተማውን ወክለው እንደሚቆሙ አውቃለሁ። በወንጀልና በደንብ መተላለፍ ጉዳይ ግን የሚጠብቁት ሕጉን ነው፣ ካዝናውን አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 42፣ ተከሳሹን ጥፋተኛ ለማሰኘት የሚበቃ ማስረጃ የለም ብሎ ዐቃቤ ሕጉ ያመነ እንደሆነ ክስ እንዳይቀርብ ይደነግጋል። ከዐቃቤ ሕግ ሥልጣን ሁሉ ለነዋሪው የሚበልጥበት ይህ፣ አይሆንም የማለት ሥልጣን ነው። አንድ ዐቃቤ ሕግ የጎረቤቴን መዝገብ ከፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቦታው የተከለከለ ለመሆኑ ምልክት ነበረ ወይ፣ ያየ ምስክር ማን ነው፣ ደንቡ የሚለው በእርግጥ እርሳቸውን ይመለከታል ወይ፣ ሚዛኑስ በየትኛው ድንጋጌ ተወሰደ ብሎ ይጠይቅ ነበር። መልስ ካጣም መዝገቡን ይዘጋል። ይህን የሚጠይቅ ሰው ከመሀል ሲወጣ፣ ያየውም፣ የከሰሰውም፣ የፈረደውም፣ ገንዘቡን የተቀበለውም አንድ እጅ ሆነ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ መሆኑን የደነገገው እንዲህ ያለው እጅ እንዳይበቅል ነው። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳንና አራት ኪሎን ካዳረሰ ወዲህ ደግሞ ትናንት የተቀመጡበት ጠርዝ ዛሬ የተከለከለ ሆኖ ይገኛል፤ ደንብ በጠበቀ ቁጥር ጠያቂው ሊበዛ ሲገባው ጭራሽ ይቅር ይባላል።

ለከተማው ፍርድ ቤቶችም ቢሆን ይህ ንቀት ነው። በቻርተሩ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 361/1995 አንቀጽ 41፣ የደንብ መተላለፍ ጉዳይ በግልጽ ለእነርሱ ተሰጥቷል። የወራሽነት ማረጋገጫ ፈልገን የምንሄደው፣ የቀበሌ ቤት ክርክር የምናነሣው እዚያው ነው። ዳኞቹን የሚሾመው የከተማው ምክር ቤት ስለሆነ ከተማውን ደፍረው አይነኩም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን የሚፈራ ችሎት የሚደፍረው ሥራ ሲሰጠው እንጂ ጉዳዮቹ ከፊቱ ሲነሡ አይደለም። አባቶቻችን በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይሉ ነበር፤ ዛሬ ያቺ እናት በሕግ አምላክ ቢሉ የሚሰማቸው ማን ነው?

ቀላልና ያልተካደ ጥፋት እዚያው ቢቀጣ አልቃወምም፤ መንገድ ላይ ቆሻሻ የጣለ ሰው ሁሉ ይከሰስ አላልኩም። ግን ደረሰኙ ላይ አንቀጹና የቀጪው ስም ይጻፍ። አልተላለፍኩም ያለ ሰው መዝገብ በዐቃቤ ሕግ ተመርምሮ ለምድብ ችሎት ይቅረብ፣ ችሎቱም ነጋዴ ገበያው ሳይበተንበት የሚቀርብበትን ሰዓት ይመድብ። ወጪው ከዚያው ከቅጣቱ ገንዘብ ይሸፈን። የጎረቤቴ ሚዛን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የተረከቡበት ወረቀት የለም፤ እንዲወረስ ያዘዘው የትኛው ዳኛ እንደሆነም ሦስት ቢሮ ዞሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም።