ሙሽራው ለምንድን ነው መስኮት መስኮት የሚያየው?

የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ በሁዳዴ ስልክ ሲደውል አታንሱ። ሥራ የለውማ። ጥርን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ፣ ቅዳሜ ሰርግ፣ እሑድ ሰርግ፣ በመሐል መልስና ቅልቅል ሲሻማ ከርሞ፣ ጾሙ ሲገባ ድንገት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የጴንጤ ወይም የሙስሊም ሰርግ ካልተገኘ በቀር ለ55 ቀን ገበያ ድርግም ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ባለው የነቢያት ጾምም ያው ነው፣ ግን እሱ አጭር ስለሆነ የጥቅምትን ሰርግ ኤዲት ሲያደርግ ያልቅለታል። ሁዳዴ ግን ይረዝማል። ኤዲቲንጉ ያልቃል፣ ገንዘቡም ያልቃል፣ ከዚያ ሰውየው ለፋሲካ ማግስት ገበያ የራሱን ማስታወቂያ ሊሠራ ይነሳል። ትሬለር። ሠርቶ ቢያርፍ ጥሩ፣ ግን አያርፍም፤ "እስቲ መጥታችሁ እዩልኝ፣ እውነቱን ንገሩኝ፣ ይሉኝታ አልፈልግም" ብሎ ይጠራናል።

እውነቱን ንገሩኝ የሚል ሰው ምን እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቃለን።

የኔው ጓደኛ የጠራን ሜክሲኮ አካባቢ ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ ላይ ያለች ስቱዲዮው ውስጥ ነው። ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበርን። አንደኞቹ የሙያ ባልደረቦቹ፣ ማለትም እሱ የተጫረተውን ሰርግ በአነስተኛ ዋጋ የሚወስዱበት ልጆች ናቸው። ሁለተኞቹ እንደኔ በያይነቱ ይታዘዛል ስለተባለ የመጣን።

ትሬለሩ ሦስት ደቂቃ ነው። በድሮን ይጀምራል። ድሮኑ ከአንድ ሆቴል ፊት ቀስ ብሎ ሽቅብ ይወጣል፣ ሙዚቃው ከበሮ በከበሮ ነው፣ ከሆቴሉ ጀርባ ደግሞ የጎረቤት ጣሪያ ላይ የተደረደረ የውሃ ሮቶና በባሕር ዛፍ እንጨት የተወጠረ ያላለቀ ፎቅ ይታያል። ልክ ሮቶዎቹ አናት ላይ በወርቃማ ቀለም፣ በተጠማዘዘ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ "ፎርኤቨር" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ቀጥሎ ጫማ። የሙሽራዋ ጫማ አልጋ ላይ። ጫማ አበባ ላይ። ጫማ ደረጃ ላይ። ቀጥሎ ቬሎው መጋረጃ ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሎ ማንም ሳይለብሰው ይወዛወዛል። ሽቶ ይነፋል፣ ማን ላይ እንደተነፋ አይታወቅም። ከዚያ ሙሽራው ብቅ ይላል፤ የተቆለፈ ቁልፉን ፈትቶ መልሶ ይቆልፋል፣ ሰዓት ያስራል (ሰዓቱ የአንደኛ ሚዜው ነው፣ አውቀዋለሁ)፣ ወደ መስኮት ይሄድና መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሩቅ ያያል። በጣም ሩቅ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የሚያየው።

ከዚያ ሚዜዎቹ። ስድስት ጎረምሳ፣ አንድ ዓይነት ሱፍ፣ አንድ ዓይነት ጥቁር መነጽር፣ እንጦጦ ፓርክ ዛፍ መሐል በስሎው ሞሽን ይራመዳሉ። (እንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ እዚያ ያልተራመደ የአዲስ አበባ ሚዜ ካለ ይንገረኝ።) ለማታውቁት ላስረዳ፤ በሰከንድ 120 ፍሬም፣ ማለትም 120 ነጠላ ምስል፣ ሆኖ የተቀረጸ ነገር በ24 ሲጫወት አምስት እጥፍ ይዘገያል። ስለዚህ ሰው በአሥር ሰከንድ የሚጨርሳት መንገድ ሃምሳ ሰከንድ ትበላለች። ከሦስት ደቂቃዋ አንዷ ደቂቃ ለእግር ጉዞ ሄደች ማለት ነው። ከስድስቱ አንዱን ደግሞ መሐል ላይ አስነጠሰው። በስሎው ሞሽን ሰው ሲያስነጥስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አፍንጫ ይነፋል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ አፍ ይከፈታል፣ አሁንም ይከፈታል፣ ጎረቤቱ ያለው ሚዜ ገና ሳይመጣበት ፊቱን ያዞራል። እኔ ከዚህ ሁሉ የወደድኩት እሷን ብቻ ነው።

ከዚያ ሙሽሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ይተያያሉ። ሙሽራው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ እሷ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች፣ ዞሮ ሲያያት አፉን በእጁ ይይዛል። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የሚያውቃት ልጅ ናት። ጭስ፣ ርችት፣ ኬክ፣ ሎጎ፣ ስልክ ቁጥር። አለቀ።

ዝም አልን።

"አሪፍ ነው" አለ አንዱ። "በጣም አሪፍ ነው" አለ ሌላው፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ስለነበር ያላየው። "አንተ እኮ ችግርህ ሰው አልተረዳህም" አለ ሦስተኛው፣ እንጀራውን እየጠቀለለ። የጓደኛዬ ፊት በራ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁላችንም በሰላም እንገባ ነበር። እሱ ግን "የምሬን ነው፣ ሙያዊ አስተያየት ነው የምፈልገው" ሲል የሙያው ሰዎች መጠየቅ ጀመሩ።

"በምንድን ነው የቀረጽከው?"

ካሜራውን ነገራቸው።

"ሌንሱስ?"

ሌንሱን ነገራቸው።

"የራስህ ነው ኪራይ?"

"ኪራይ ነው።"

"አሃ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ሥራው የተናገረ የለም፣ ወሬው ሁሉ ስለ ኪራይ ዋጋ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ትዝ ብሎት "ከለሩ ትንሽ..." አለ። "ትንሽ ምን?" "ትንሽ ሞቅ ብሏል።" ሞቅ ብሏል ሲል ቀይ ዳማዋ ሙሽራ ብርቱካንማ ሆናለች፣ የእንጦጦ ቅጠልም ሰማያዊ ሆኗል ማለቱ ነው፣ ግን ባለሙያ ለባለሙያ እንዲህ አይባባልም። ሌላው ኮስተር ብሎ "ለድሮኑ ፈቃድ አለህ?" ሲል ጠየቀ። ድሮን ለማስነሳት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እዚያ ቤት የማያውቅ የለም፤ ጠያቂው ራሱ ድሮን የሚያከራይ ሰው መሆኑን የሰማሁት ግን ደረጃ ስንወርድ ነው። ጥያቄው የሕግ አልነበረም። "ለምን ከእኔ አልተከራየህም?" ነበር።

አንድ ጸጥተኛ ልጅ ደግሞ ነበር፣ "እቺን ትራንዚሽን እስቲ መልሳት" ይላል (ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው መሻገሪያዋን ማለቱ ነው)፣ ያያታል፣ "አንዴ ብቻ መልሳት" ይላል፣ አሁንም ያያታል። ምንም አስተያየት ሳይሰጥ ተነስቶ ሄደ። በሳምንቱ ትራንዚሽኗን የራሱ ማስታወቂያ ላይ አየኋት። እንደኔ እንደኔ ያን ቀን ከልቡ ያደነቀ ሰው እሱ ብቻ ነው።

እኔም ተጠየቅኩ። "ሰው የለውም" አልኩ። "ስድስት ሚዜ አለ እኮ" አለኝ። ሰው ያልኩት ሌላ ሰው ነው። የኛ ትውልድ የሰርግ ፊልም የሚያውቀው በ180 ደቂቃ የቪኤችኤስ ካሴት ነው፣ ሦስት ሰዓቱም ሙሉ በሰው የታጨቀ ነበር። ካሜራማኑ ከፊት፣ ገመድ የሚጎትትና መብራት የሚሸከም ልጅ ከኋላ፣ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ይዞራሉ። መብራቱ ሲመጣ ጉርሻ አየር ላይ ይቆማል። ጋሼ እገሌ ክራቫታቸውን ያቃናሉ፣ አፋቸው ግን እንደሞላ ነው። በየበዓሉ ያ ካሴት ይከፈትና እንግዳ ሁሉ ራሱን ይፈልጋል፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ለጥብስ ሁለት ጊዜ ተነሳ፣ ሁሉም በማስረጃ ይታያል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ደግሞ "ነፍሳቸውን ይማር" የሚባልላቸው ይበዛሉ፣ እናቶችም ከሙሽራዋ ይልቅ እነሱ ጋ ሲደርስ "እስቲ አቁመው" ይላሉ። ይሄን ሁሉ ስናገር ጓደኛዬ በትዕግሥት አዳመጠኝና "አንተ ኦልድ ስኩል ነህ" አለኝ።

ነገሩ የተበላሸው በቡና ሰዓት ነው። ከኛ ወገን የመጣች አንዲት ልጅ የመተያየቱን ቦታ ደግማ አየችና "እነዚህ እኮ ተፋተዋል" አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከትሬለሩ ሁሉ የምታምረው ቦታ እሷ ናት። ሙሽራዋ የምትስቀው የእውነቷን ነው፣ ከለሩ እንኳን አላጠፋትም።

"ይውጡ። ገድ የለውም" አለ አንዱ።

"ለምን ይወጣሉ? እሱ የሠራው ሰርጉን ነው፣ ለትዳሩ ዋስትና አልሰጠ!" አለ ሌላው።

ከመሐላችን ሕግ የተማረ አንድ አለ፤ እንዲህ ያለ ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ አለ፣ የ1952ቱ፣ አንቀጽ 27፣ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣት ይከለክላል። "ፈቅደው ፈርመውልኛል" አለ ጓደኛዬ። "ሲፈርሙ ባልና ሚስት ነበሩ" አለ ሕግ አዋቂው። ይሄ ምን እንደሚለውጥ አላስረዳም፣ እኛም አልጠየቅንም፣ ግን ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በመጨረሻ ጓደኛዬ ለሁለቱም ደወለ። እሱ "ተወው ይኑር፣ እኔ እዚያ ላይ አምሬያለሁ" አለ። እሷ "እኔን ተወኝ፣ እሱን አውጣው" አለች። የአልበሙን ቀሪ ሂሳብ ሲጠይቃቸው ግን ሁለቱም ሌላኛው ነው የሚከፍለው አሉ። በዚህ አሁንም ተስማምተው ነው የሚኖሩት።

ማታ ቤቱ ሲገባ ላፕቶፑን ለአከራዩ ለማዘር ከፈተላቸው። እኔ አልነበርኩም፣ በማግስቱ ነው ተናድዶ የነገረኝ። ማዘር መነጽራቸውን አድርገው ጫማዎቹን በሙሉ አዩ።

"ሰርግ ነው ያልከኝ የጫማ ሱቅ?"

"ሰርግ ነው ማዘር።"

"እሺ። ይሄ ልጅ ለምንድን ነው መስኮት መስኮት የሚያየው? ሳይወድ ነው እንዴ የዳሩት?"

"እያሰበ ነው።"

"በሰርጉ ቀን ምን ያስባል? የሚያስበውን ሽማግሌ ሳይልክ በፊት አያስብም? እናቱስ የት አለች? ያለቀሰ ሰው የለም? ምግብስ አልነበረም?"

"ማዘር፣ ሲኒማቲክ እኮ ነው።"

"ሲኒማ ከሆነማ ጥሩ ነው፣ እኔ ሰርግ መስሎኝ ነው።"

ጓደኛዬ ለሁለት ቀን አኮረፈና ከዚያ ሁሉንም አስተያየት ተቀበለ። ሁሉንም። እናት ስታለቅስ ጨመረ፣ በስሎው ሞሽን፣ እንባው አገጭ ሳይደርስ ሻይ ጠጥተህ ትመለሳለህ። ቁርጡን ጨመረ፣ ቢላዋው ሲያልፍ ከበሮው እንዲመታ አድርጎ። ደጅ ላይ "አናስገባም ሰርገኛ" የሚሉትን ልጆች ጨመረ፣ አያትየዋ እስክስታ ሲወርዱ ጨመረ፣ ፈቃድ አለኝ ለማለትም የድሮኑን ቦታ አስረዘመ። ከለሩን ሲያቀዘቅዘው ሚዜዎቹ ግራጫ ሆኑ። የተፋቱትን ልጆች ነገር የፈታው ሙሽራውን ከአንገት በላይ አደብዝዞ ነው፣ አሁን ሙሽራዋ ዞሮ አፉን ለያዘላት ጉም ትስቃለች። ሦስት ደቂቃ የነበረው ዘጠኝ ደቂቃ ሆነ። የወጣች ነገር ብትኖር ማስነጠሷ ብቻ ናት። "ፕሮፌሽናል አይደለችም" አለኝ።

ፋሲካ ሲቃረብ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ስቱዲዮው መጡ። ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። ልጅቷ "ናቹራል ነገር ነው የምፈልገው" ብላ ስልኳን ማየት ጀመረች። ጓደኛዬ ስፒከሩን አስተካከለ፣ መጋረጃውን ዘጋ፣ ሊጫነው እጁን ሲዘረጋ እናትየዋ አስቆሙት።

"ተወው ልጄ፣ አታድክመው። ሥራህን ጎረቤቴ ቤት ለገና አይቼዋለሁ፣ ሙሉውን። እኔንም ክትፎ ስበላ አውጥተኸኛል።"

"ይቅርታ እማማ..."

"የምን ይቅርታ? አምሬያለሁ። ደግመን ደጋግመን ነው ያየነው። ስንት ነው?"

ነገራቸው። እናትየዋ ነጠላቸውን አጣፉና "ድሮን የሚባለው ቢቀርስ?" አሉ። ቀነሰላቸው። "አልበሙ አንድ ብቻ ቢሆንስ?" አሁንም ቀነሰላቸው። ልጅቷ ቀና ብላ "ትሬለርስ አለው?" አለች።

"አለው፣ እሱ በነጻ ነው" አለ ጓደኛዬ ፊቱ በርቶ፣ እጁ እንደገና ወደ ላፕቶፑ እየሄደ።

"ጥሩ" አሉ እናትየዋ። "እሱን ትቼልሃለሁ፣ ከሌላው ላይ ቀንስልኝ።"