የቴክሳስ ነዋሪዎች የዘር ድምር «ከመቶ ያልፋል» ለሚሉ፦ እርማት

በ2020 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የቴክሳስ ነዋሪ «ነጭ 50.1፣ ሂስፓኒክ (ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የዘር ሐረግ ያለው) 39.3፣ ጥቁር 12.2፣ እስያዊ 5.4 በመቶ ተብሎ ሲደመር 107 ስለሚመጣ ቁጥሩ የተጭበረበረ ነው» የሚል አስተያየት እዚህ ደጋግሞ ተጽፏል። አሃዞቹ ትክክል ናቸው፤ ስህተቱ አንድ ላይ መደመራቸው ነው።

ይህ ቆጠራ ሂስፓኒክነትን ወይም ላቲኖነትን እንደ ዘር አልቆጠረም። የቅጹ 8ኛ ጥያቄ ሂስፓኒክ መሆን አለመሆንን፣ 9ኛው ደግሞ ዘርን ለብቻው ይጠይቅ ነበር («ጥቁር» በሚለው ሥር ከቀረቡት ምሳሌዎች አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ስለነበር ቅጹን የሞሉ ወገኖቻችን ያስታውሱታል)። ስለዚህ በ8ኛው «ሜክሲካዊ»፣ በ9ኛው «ነጭ» ብሎ የመለሰ ሰው በሁለቱም አሃዝ ውስጥ ይገኛል። ሂስፓኒክ ያልሆኑት ነጮች ብቻ ሲለዩ 39.7 በመቶ ናቸው፤ ሁለቱ ወገኖች በቁጥር እኩል ለመሆን ምን ያህል እንደተቀራረቡ የሚታየውም ያኔ ነው።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው በቆጠራ ቢሮው ድረ ገጽ ፒ1 እና ፒ2 የተባሉትን ሠንጠረዦች ያነጻጽር፤ የመጀመሪያው ዘርን ብቻ ሲያሳይ፣ ሁለተኛው ሂስፓኒኮችን ለይቶ የቀሩትን በዘር ስለሚከፍል ድምሩ ልክ መቶ ይመጣል። የኮንግረስ መቀመጫ በቆጠራው ስለሚደለደል፣ በዚህ የተሳሳተ ድምር ተጠራጥሮ ቅጹን ሳይሞላ የሚቀር ቤተሰብ እንዳይኖር እሰጋለሁ።