ፕሮቲን ኤ የዶሮን አንቲቦዲ አይዝም

ሰላም ለሁላችሁ። «ፕሮቲን ኤ ካለህ ከዶሮ እስከ ሰው የማንኛውንም እንስሳ አንቲቦዲ ታጣራለህ» የሚለው ነገር ሲደጋገም አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። በቅንነት እንደተባለ አውቃለሁ፤ ግን ልክ አይደለም።

ፕሮቲን ኤ አንቲቦዲን ይዞ ለማጣራት የምንጠቀምበት ፕሮቲን ነው፤ መነሻው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ለላብራቶሪ የሚሸጠው ሪኮምቢናንት ግን ብዙውን ጊዜ ጂኑ ኢ. ኮላይ ውስጥ ገብቶ የሚመረት ነው። በዋናነት የሚይዘው አይጂጂ የሚባለውን፣ በደም ውስጥ በብዛት ያለውን የአንቲቦዲ ዓይነት ነው፣ እሱንም ቢሆን እንደ እንስሳው ይለያያል። የጥንቸልን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ የሰውንም እንዲሁ፣ አይጂጂ 3 የሚባለው ንዑስ ዓይነት ሲቀር። የበግና የፍየል ላይ ደካማ ስለሆነ ለእነሱ ፕሮቲን ጂ የሚባለው ሌላው አንቲቦዲ ያዥ ፕሮቲን ይሻላል። የዶሮውን አይጂዋይ (የአይጂጂ አቻ የሆነውን አንቲቦዲ) ግን ሁለቱም አይዙትም።

እኔም ጅማ ተማሪ እያለሁ ተሸውጃለሁ። የበግ ሴረም (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) በፕሮቲን ኤ ኮለን (ፕሮቲን ኤ ባለበት ማጣሪያ ቱቦ) አሳለፍኩ፣ አልፎ የወጣውን ፈሳሽ ሲንክ ውስጥ ደፋሁት፣ ከዚያ ኮለኑ ተበላሽቷል ብዬ ስንት ቀን ለፋሁ መሰላችሁ! አብዛኛው አንቲቦዲ የሄደው ከደፋሁት ጋር ነበር።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ከዕቃው ጋር የሚመጣውን የእንስሳት ሰንጠረዥ እዩ። አልፎ የወጣውንም አትድፉት፤ ከተያዘው ጎን ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለይ ጄል ላይ አሩጡት። በዲቲቲ (የአንቲቦዲውን ሰንሰለቶች በሚለያይ ኬሚካል) ከፈታችሁት በኋላ፣ አልፎ በወጣው ላይ 50 እና 25 ኪሎዳልተን (የከባዱና የቀላሉ ሰንሰለት መጠን) አካባቢ ደማቅ ባንድ ካያችሁ፣ አይጂጂው ሳይያዝ አምልጧችኋል ማለት ነው።