ይድረስ ለአቶ ልግም፣ ባሉበት

ለተከበሩ አቶ ልግም፦

ጤናዎን አልጠይቅም። ጤነኛ እንደሆኑማ አገር ያውቃል።

እዚህ ደሴ ሰው ስምዎን ከሌላ ሰው ጋር ሲያምታታው ይከፋኛል። ሰነፍ ይሉዎታል። ሰነፍ ቢሠራም አይሆንለት፤ እርስዎ ከፈለጉማ ማን ይቀድምዎታል? እምቢተኛ የሚልዎትም አለ። እምቢተኛ ቁርጡን ይነግረናል፣ እኛም ወደ ሌላ ቤት እንሄዳለን። ዳተኛም አይደሉም። ዳተኛ እየተጎተተም ቢሆን ይመጣል።

እርስዎ እየቻሉ ነው የማያደርጉት። ገበሬ በሬው ጠግቦ አድሮ መሐል እርሻ ላይ ሲተኛበት «ለገመ» ይላል። የትምህርት ቤት ሰዓት ሲደርስ ብቻ ሆዱን የሚቆርጠውን ልጅም እናቱ «ልግም ነው» ትለዋለች። አሁን ከበሬ ወደ ቢሮ አድገዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት።

ቢሮ ላይ ያምርብዎታል። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የመሳቢያው ቁልፍ ጣትዎ ላይ ይሽከረከራል፣ እርስዎ ግን «አብሽር፣ ነገ ብቅ በል» ይላሉ። ይችን ቃል እንኳ ቢተዉልን! የወሎ ሰው የተጨነቀ የሚያጽናናባትን «አብሽር» የቀጠሮ ማራዘሚያ አደረጓት። ንጉሥ ሚካኤል እዚችው ከተማ አዳራሽ አሠርተው ስሙን «አይጠየፍ» አሉት፤ ሁሉ ገብቶ ግብር ይበላበት ነበር። እርስዎ አንዲት መስኮት ቢሰጥዎ ግማሿን በመጋረጃ ዘጉ።

ማታ ማታ ደግሞ መናኸሪያ ይውላሉ አሉ። ውሎ አይባልም ለነገሩ፣ ተኝተው ነው። ሚኒባሱ ሞልቷል፣ ነዳጁ አለ፣ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። «ኮምቦልቻ አትሄድም እንዴ?» ስንለው «ሐረጎ ጉም ነው፣ መንገድ አይታይም» ይላል። እኛም አመንን። ሐረጎን የሚያውቅ በጉሙ አይቀልድም፤ ያ ሁሉ ጥምዝምዝ፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት። ጋቢያችንን ሰብሰብ አድርገን ዝም አልን። ከኋላ አንድ አባት «እጥፍ እንክፈልህ ልጄ» አሉ።

ጉሙ ወዲያው ተገፈፈ።

አክባሪዎ፣
ከኋላ ወንበር

ግልባጭ፦
ለሐረጎ ጉም