ለጆሮ መጻፍ

መጻፍ የተማርኩት ማንበብ ከማይችሉ አንዲት ጎረቤታችን ነው። ልጃቸው ቤይሩት ነበረች። በወር፣ አንዳንዴም በሁለት ወር ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ እንድመጣ ያስጠሩኛል። ቡና እያፈሉ ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን «ጎኔ ደህና ነው፤ ሌሊት ሌሊት ብቻ ነው የሚወጋኝ» አሉኝ። እኔ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ደብዳቤ አጻጻፍ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። «የጤንነቴ ሁኔታ በአሁኑ ሰዓት በጥሩ ደረጃ ላይ ይገኛል» ብዬ ጻፍኩ። ሳነብላቸው የያዙትን ሲኒ ረከቦቱ ላይ መለሱት። «ይሄን ማን አለ?» አሉኝ። «ልጄ እኔ መሆኔን በምን ታውቃለች?»

ገጹን ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ፤ እንደገና አነበብኩላቸው። ከ«ሌሊት ሌሊት» ውስጥ አንዱን ቆርጬ ነበር። እሱንም አስመለሱኝ። ልክ ነበሩ። «ሌሊት» ብቻውን አንድ ሌሊት ሊሆን ይችላል። «ሌሊት ሌሊት» ግን የሰነበተ ሕመም ነው፤ ልጅ ስትሰማው ታውቀዋለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፤ የሌሎችንም ጽሑፍ አርሜያለሁ። እስከ ዛሬ የማምንበት ነገር ይሄ ነው፦ ጮክ ተብሎ ያልተነበበ የአማርኛ ጽሑፍ አላለቀም።

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ዶሮው ይበላል» ብላችሁ ጻፉ። «በ»ን አላልቶ ያነበበ ሰው ዶሮው ጥሬ ሲለቅም ያየዋል። አጥብቆ ያነበበው ደግሞ ድስት ውስጥ ያገኘዋል። «አባቴ አለ» የባሰ ነው። «ለ» ከጠበቀ አባት በሕይወት አለ፤ ከላላ አባት ተናገረ። ጸሐፊው በልቡ የሚሰማው አንዱን ብቻ ስለሆነ ሌላው ትዝ አይለውም። ጉዱ የሚታወቀው በሌላ ሰው አፍ ሲነበብ ነው።

ሀዲስ አለማየሁን ይህ ነገር አሳስቧቸው ነበር። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኑረዋል። አስቡት፤ ያን የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ፣ ፊደል በፊደል! እሳቸው የሰሙትን አንባቢውም እንዲሰማ ስንት ደክመዋል። ነጥቡ አልተለመደም፤ ዛሬ የሚጠቀምበት ሰው ማግኘት ይከብዳል። መጽሐፉ ግን በሌላ መንገድ ድምፁን አገኘ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ሰብለ ወንጌልን፣ በዛብህንና ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤቱ አወቃቸው። ጥሩ ተራኪ መጥፎ ጽሑፍን አያድንም። ወጋየሁ እንደዚያ ሊጫወትበት የቻለው ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያውኑ ለአፍ የሚመች ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን የምንጽፈውን ተመልከቱ። «የመንገድ ግንባታ ሥራው በመከናወን ላይ ይገኛል።» መንገዱ እየተሠራ ነው ማለት እኮ ነው። «ከዋጋ ንረት ጋር ተያይዞ በኅብረተሰቡ ላይ ጫና እየተፈጠረ ነው።» ሰው ሽንኩርት መግዛት አቅቶታል! ይህን ዓረፍተ ነገር እናቱ ፊት ቁጭ ብሎ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው መሃል ላይ ያፍራል። ቢያፍር ጥሩ ነው። ያን ጊዜ ሰርዞ እንደ ሰው ይጽፈዋል።

ግሳችን ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰውዬው ይሙት ይሾም ሳናውቅ አራት መስመር እንጓዛለን። በዓይን ሲሆን ወደ ላይ ተመልሶ ማየት ይቻላል። በአፍ ሲሆን ትንፋሽ ያልቃል። ትንፋሹ ያለቀበት ቦታ ላይ አራት ነጥብ አድርጉ። እኔ ከዚህ የተሻለ ሕግ አላገኘሁም።

ጽፌ ስጨርስ በስልኬ እቀዳዋለሁ። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ እሰማዋለሁ። በቅርቡ አንድ አጭር አንቀጽ ውስጥ «ነገር ግን» ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ሰማሁ። በዓይኔ ደጋግሜ አንብቤው ነበር፤ አንዴም አልታየኝም።

«ጽሑፍ ንግግር አይደለም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እውነት ነው፣ አይደለም። ሰው ሲያወራ ይደጋግማል፣ የጎደለውን በእጁና በፊቱ ይሞላል። ጽሑፍ እጅም ፊትም የለውም። ለዚህ ነው ድምፁ ከንግግር ይበልጥ መጥራት ያለበት።

አሁን ትረካ እንደገና ተወዷል። ሰው ልብስ እያጠበ፣ መኪና እየነዳ፣ በሰው አገር ሥራ ላይ ሆኖ በዩቲዩብ መጽሐፍ ይሰማል። በጣም ደስ ይለኛል። የሚቆጨኝ ግን ብዙ ጊዜ ተራኪው መጽሐፉን የሚያገኘው ከታተመ በኋላ መሆኑ ነው። የጠበቀውንና የላላውን ገምቶ ነው የሚያነበው። አሳታሚዎች ረቂቁ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ምዕራፍ እንኳ ለተራኪ ይስጡ። ደራሲውም አጠገቡ ይቀመጥ። ተራኪው «አባቴ አለ» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆም ይበልና «እዚህ ጋ አባትየው ተናገረ ነው ወይስ በሕይወት አለ?» ብሎ ይጠይቀው። ደራሲውም እዚያው እስክሪብቶውን ያውጣ።