ሳልቆጥር አልነግርም

ደብረ ማርቆስ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው ምን እንደሆነ የምንሰማው ወንበር ይዘን ከተቀመጥን በኋላ ነው። ኃላፊው ጉዳዩን ያነሣል፤ አፍ የቀናው ይናገራል፤ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። በቃ።

አንድ ክረምት ለመስክ ሥራ ወደ አንድ ገጠር ቀበሌ መኪና ይሂድ ተብሎ ተወሰነ። ሁላችንም እሺ አልን። ሁልጊዜ ጥግ ላይ የሚቀመጡ፣ ጋሼ የምንላቸው ባልደረባም ምንም አላሉም። በማግሥቱ ጠዋት ግን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው፣ «የኔ ልጅ፣ ያ መንገድ እኮ መረሬ ነው። በሐምሌ እንኳን መኪና በቅሎም አያልፈው» አሉኝ። መኪናው ገና ሲነጋጋ ወጥቷል። ሁለት ሌሊት ጭቃ ውስጥ አደረ።

ኃላፊው ተቆጣ። «ሰኞ ለት ምን ዘጋዎት?» አላቸው። ጋሼ ዝም። ከዚያ ሐሜቱ ተጀመረ። ድብቅ ናቸው፣ ሆን ብለው ነው፣ ሰው ሲሳሳት ማየት ይወዳሉ ተባለ። ካሙት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ አልዋሽም።

ኋላ ቡና ስንጠጣ ጠየቅኳቸው። ለካ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ኖሯል። ሳቅ አሉና፣ «እኔ ሳልቆጥር አልነግርም» አሉኝ።

ቅኔ ቤት ያልዋለ ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል። በጎጃም፣ በነዋሸራና በነጎንጅ አገር የቅኔ ተማሪ ቀኑን ለብቻው ወጥቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ፣ ቃል ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ይህ ቆጠራ ነው። ከዚያ የኔታ ወይም አስነጋሪው ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። ይህ ደግሞ ነገራ ነው። የተበላሸው እዚያው ይቃናል። ጀማሪው በሁለት ቤቷ (ቤት ማለት ስንኝ ነው) በጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ቀስ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ዘረፋም አለ። እዚያው በቆመበት፣ ሳይዘጋጅ፣ ቅኔው ከአፉ የሚወርድለት ሰው አለ። (ከተማ ውስጥ «ዘራፊ» ስንል የምናስበውን ለጊዜው እንርሳው።)

እንግዲህ የኔ ቅሬታ ይኼ ነው። የቢሮ ስብሰባችን ለዘረፋ ብቻ የተሠራ ነው። ቆጣሪው ቦታ የለውም። ጋሼ ያንን መንገድ ከሁላችንም በላይ ያውቁት ነበር። ሐሳባቸው የሚበስለው ግን ሌሊቱን ነው። እኛ ደግሞ ያልበሰለ ሐሳብ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጠይቀን፣ መልስ ስናጣ ጠባያቸውን ወነጀልን።

ነገሩ የጎጃም ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊው የማስታወቂያ ሰው አሌክስ ኦስቦርን፣ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ያለ ትችት ሐሳብ ቢያዋጡ ለየብቻቸው ከሚያስቡት ብዙ ያፈልቃሉ ብሎ ነበር። በ1950ዎቹ ብዙ ድርጅት አመነው። በ1958 እ.ኤ.አ. የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈተኑት። አራት ሰዎች አብረው ተቀምጠው ያወጡት ሐሳብ በአንድ በኩል፣ አራት ሰዎች ለየብቻቸው አስበው በኋላ የተደመረው በሌላ በኩል ተመዘነ። ለየብቻ ያሰቡት በለጡ። የኔታ ይህን ቢሰሙ የሚደነቁ አይመስለኝም።

ግን ለጋሼ ብቻ ጠበቃ ሆኜ እንዳልቀር። በዚያው ቢሮ አንዲት ባልደረባ ነበረችን። እሷ ደግሞ ካልተናገረች ማሰብ አትችልም። «ይቅር» ብላ ትጀምራለች፤ እያወራች ትሄድና «ኧረ ቆይ፣ ይሁን እንጂ» ብላ ትጨርሳለች። ለሷ ንግግሩ ራሱ ቆጠራ ነው። ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን መጀመሪያ ያለችውን ጽፎ ቁጭ ይላል። በሳምንቱ «አንቺ እኮ ይቅር ብለሻል፣ ተጽፏል» ትባላለች። ሁለት ምላስ የሚል ስም ወጣላት። ጋሼም በልባቸው፣ ይቺ ልጅ ሳታስብ ነው የምትናገር ይሉ ነበር። እሷም ጋሼን ትፈራቸዋለች። «ዝም ብለው ሲያዩኝ የሚፈርዱብኝ ይመስለኛል» ትለኝ ነበር። ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይግባቡ አንድ ክፍል ውስጥ ሠሩ።

ሌላም ዓይነት አለ። አንዱ ቁጥር ካላየ አያምንም፤ ሌላው አንድ ገበሬ የነገረውን ታሪክ ይዞ ይመጣል። ይህ ግን ብዙም አያጣላም። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ሪፖርቱ ይሻላል።

እዚህ ላይ ሰውን በጠባዩ ስለሚመድቡት ሥልጠናዎች አንድ ነገር ልበል። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ወስደውን መጠይቅ አስሞሉንና ለየሰዉ አራት ፊደል አደሉን። የማየርስ ብሪግስ መጠይቅ ይባላል። ካትሪን ብሪግስ የተባለች እናትና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ፣ የሥነ ልቡና ሊቁ ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ሐሳብ ተነሥተው ያዘጋጁት ነው። ሰውን በ16 ዓይነት ይከፍላል። ምሳው ጥሩ ነበር፤ ጨዋታም ፈጠረልን። ችግሩ፣ ያው ሰው ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሲሞላው ሌላ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ሰው መሐል ላይ ነው፤ መጠይቁ ግን ወይ እዚህ ወይ እዚያ ይመድበዋል። የኛ ቢሮማ ፊደሉን እንደ ስድብ መጠቀም ጀመረ። ድሮ «ድብቅ» ይባሉ የነበሩት ጋሼ ፊደል ተጨመረላቸው እንጂ ሐሜቱ አልቀረላቸውም።

ስለዚህ ሰውን መመደቡን ትተን ሰኞን ብናስተካክል እላለሁ። አጀንዳው አርብ ከሰዓት ይድረስ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። የሚቆጥር ቅዳሜና እሑድ ይቁጠር። ስብሰባው ላይ እያወራ የሚያስብ ሰው «ገና እየቆጠርኩ ነው» ይበል፤ ጸሐፊው ያኔ እስክሪብቶውን ያስቀምጥ። «ይኼ ይጻፍ» ሲባል ብቻ ይጻፍ። ጥግ ያለውን ሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ በስሙ ጠይቁት። አንዳንዱ ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ትልቅ ሰው ባለበት ቀድሞ መናገር ነውር ነው ተብሎ ያደገ ነው።

ጊዜ የለም የሚል ይኖራል። ሁለት ቀን ጭቃ ውስጥ የቆመ መኪና ጊዜ አልበላም? ይልቅ ከዚያ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። ቆጠራ የሰነፍ መደበቂያ ይሆናል የሚል። እውነት ነው፣ ሊሆን ይችላል። ቅኔ ቤት ግን ቀኑን ሙሉ የቆጠረ ተማሪ የነገራው ሰዓት ሲደርስ ባዶውን አይቀርብም። ከቀረበም ያፍራል። ጋሼም ቢሆኑ ያን መንገድ ሰኞ ማታ ደውለው ቢነግሩን መኪናው አይወጣም ነበር። በዚህስ ልክ አልነበሩም፤ ፊት ለፊት ነግሬያቸው «እሱስ እውነትህን ነው» ብለውኛል።

ይህን ሐሳብ በቅርቡ ለአንድ የማውቃቸው ኃላፊ አጫወትኳቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝ። «እስቲ እናየዋለን» አሉኝ። በሰምና ወርቅ አገር «እስቲ እናየዋለን» ስንት ትርጉም እንዳለው ታውቃላችሁ። አርብ ከሰዓት አጀንዳ መጥቶ እንደሆነ እዚያ የሚሠራ ጓደኛዬን እየጠየቅኩ ነው።